ከኅዳር በሽታ እስከ ኮቪድ፦ የቀፊራ ወረርሽኞችና በደም ቅዳ ውስጥ የሚረጋ ደም

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንደኛው ወገን ባቡሩ የወለዳት፣ መንገዶቿ በመሥመር ተቀይሰው በዛፍ ጥላ የተሸፈኑት ከዚራ ትገኛለች። ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ መጋላ፣ በመጋላም ውስጥ ቅስት በሮቹ የታወቁለት የቀፊራ ገበያ አለ። ከዙሪያው ገጠር አትክልትና ማገዶ ይዛ የምትወርደው የኦሮሞ ሴት፣ ከቆላው ግመሉን እየነዳ የሚመጣው ሶማሌና አፋር፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ የሰፈረው የመናዊም ጭምር ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሲገናኙበት የኖሩበት ሥፍራ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ቀፊራን የንግድ ታሪክ ምዕራፍ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ሐኪም ግን ሌላም ነገር ያነብበታል፤ ሰውና ዕቃ በሚገናኙበት ጠባብ ሥፍራ ትንፋሽም ይገናኛልና።

የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) ነበር። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ሳለ የተራራው አቀበት ስለከለከለው ከሥር በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚያም ሥራው ለዓመታት ተጓትቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ ምክንያት ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ሆነ። የበሽታ ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህንን ለውጥ ችላ ሊለው አይገባም። ቀድሞ በመንገድ ላይ ታሞ፣ በመንገድ ላይ ወይ ድኖ ወይ ሞቶ ይቀር የነበረ ተጓዥ ከዚያ ወዲህ በሽታውን እንደያዘ ገበያ መሐል ሊወርድ ቻለ።

ሐዲዱ መዲናይቱን ከነካ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ የዓለሙ ታላቅ ኢንፍሉዌንዛ በኢትዮጵያ ላይ በረታ። ሕዝቡ በሽታውን በወሩ ስም “የኅዳር በሽታ” አለው፤ ከፈረንጆች አፍ የሰማውም “ግሪፕ” ይለው ነበር። በአዲስ አበባ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነርሱም መካከል በበሽታው የሞቱ ነበሩ። መቃብር ቆፋሪ ታጣ፤ ቤተሰብ በአንድ ቀን አብሮ ተኛ። ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉና ሰፈሩን የማጠኑ ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነገራል። ጭሱ ቫይረሱን ባይነካውም የሐዘኑን መታሰቢያ ግን ጠብቆ አቆይቷል።

በዚያ ዘመን የሟቾች መዝገብ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም። ሰው ሲሞት “በኅዳር በሽታ ሞተ” ይባላል፤ በቃ። ሳንባው ተቃጥሎ ይሁን፣ ልቡ ቆሞ ይሁን፣ ወይም አንድ ወገኑ በድን ሆኖ ይሁን የሚለይ አልነበረም። በዚያው ወቅት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ አስከሬን የመረመሩ ሐኪሞች በሳንባ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ውስጥ የረጋ ደም ማየታቸውን ጽፈዋል። ከኢንፍሉዌንዛ ያገገመ ሰው በድንገት እግሩ ቀዝቅዞ፣ ገርጥቶ፣ ኋላም ጠቁሮ እንደተቆረጠ የሚተርኩ የሕክምና ዘገባዎችም ታትመዋል። ተመሳሳይ ወሬ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ “የሩሲያ ኢንፍሉዌንዛ” እየተባለ በዞረው ወረርሽኝ ጊዜም ተሰምቶ ነበር። (ያ ወረርሽኝ ጭራሽ ኢንፍሉዌንዛ ሳይሆን የኮሮና ቫይረስ ዘመድ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ መላ ምቱ የሚስብ ቢሆንም ማረጋገጫ አላገኘም።)

ነገሩን የሚያስቆጭ የሚያደርገው መፍትሔው በዚያው ዘመን ብቅ ማለት ጀምሮ የነበረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም ላቤ የታፈነ የእግር ደም ቅዳ ከፍቶ የተወሸቀውን የረጋ ደም በማውጣት እግሩን አትርፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ተማሪ የነበረው ጄይ ማክሊን ኋላ ሄፓሪን ወደሚባለው መድኃኒት ያደረሰውን ንጥረ ነገር አገኘ። ሆኖም ሄፓሪን ጠርቶ ለበሽተኛ መሰጠት የጀመረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የኅዳር በሽታ በገባበት ጊዜ የበለጸጉት አገሮች ሐኪሞችም ቢሆኑ እግሩ የጠቆረበትን ሰው ከመቁረጥ በቀር የሚያደርጉለት ብዙ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ደም ለምን እንደሚረጋ ጥቂት ማብራራት ተገቢ ነው። “ትሮምቦሲስ” እና “ኤምቦሊዝም” የተባሉትን ቃላት ለሕክምና ያበረከተው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሆ ነው፤ ዋና ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1856 ታትሟል። በእርሱ ስም የሚጠሩት ሦስት ምክንያቶች የደም ፍሰት መዘግየት፣ የቧንቧው የውስጥ ገበር መጎዳትና የደሙ የራሱ የመርጋት ባሕርይ መጨመር ናቸው። ሦስቱን በአንድ ላይ ደርድሮ በስሙ የሰየማቸው ግን ከእርሱ በኋላ የመጣ ትውልድ ነው። ደም ከአካል ወደ ልብ በሚመለስበት በደም መልስ ውስጥ የሚረጋው ደም በአብዛኛው የመዘግየት ውጤት ነው፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ባቱ የሚያብጠው በዚህ ነው። ከልብ ወደ አካል ደም በሚያደርሰው በደም ቅዳ ውስጥ ግን ፍሰቱ ኃይለኛ ስለሆነ ደም እንዲሁ አይረጋም። ገበሩ መላላጥ፣ ወይም በግድግዳው ላይ ለዓመታት የተጋገረው ስብ መሰንጠቅ፣ ወይም ከልብ ጓዳ የተነሣ ጓል መጥቶ መወሸቅ አለበት።

ከባድ የቫይረስ ሕመም ሦስቱንም መንገዶች ይከፍታል። ሰውነት ወራሪውን ለመዋጋት የሚያስነሣው ብግነት የቧንቧውን ገበር ያቆስላል። ጤናማ ገበር ደም እንዳይጣበቅበት የሚያደርግ ልስላሴ አለው፤ ሲቆስል ግን አርጊ ሕዋሳት ማለትም ፕላትሌቶች የሚይዙት ማጣበቂያ ያወጣል። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም ለማጥመድ የሚዘረጉት መረብ ለረጋው ደም ማገር ይሆናል። ጉበት ፋይብሪኖጅንን ከወትሮው አብዝቶ ያመርታል። በትኩሳትና በጥም ፈሳሽ ያለቀበት ደም ይወፍራል። በዚያ ላይ ልብ በራሱ ሲቆጣ ምቱ ይዛባል፤ ምቱ በተዛባ ልብ ጓዳ ውስጥ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ጓል ተነቅሎ ወደ አንጎል፣ ወደ አንጀት ወይም ወደ እግር ይሄዳል። በአገራችን በልጅነት የሩማቲክ ሕመም ልባቸው የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ስለሆኑ ይህ የመጨረሻው መንገድ ከበለጸጉት አገሮች ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ኢንፍሉዌንዛ በሳንባ ብቻ እንደማይገድል በቁጥር ያሳየው የአሜሪካው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሴልዊን ኮሊንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ጥናት በወረርሽኝ ሳምንታት በልብ ሕመምና በሌሎች ምክንያቶች የተመዘገበው ሞትም አብሮ እንደሚጨምር አመለከተ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ከመድረክ ራቀ ማለት ይቻላል። የሳንባ ሐኪም ሳንባውን፣ የልብ ሐኪም ልቡን እየተመለከተ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ባለቤት አጣ። ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ በካናዳ ኦንታሪዮ የተካሄደ ጥናት በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ ከታየ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ውስጥ በልብ ደም ቅዳ መዘጋት ሆስፒታል የመግባት ዕድል 6 እጥፍ እንደሚያድግ አሳየ።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከተማዋ ከኅዳር በሽታ ወዲህ ብዙ ትኩሳት አይታለች፤ ለጉዳያችን የሚጠቅሙት ግን የቅርቦቹ ሁለት ናቸው። በመስከረም 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት በሺህ የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ፤ ሲመረመር ዴንጊ ሆኖ ተገኘ። በኢትዮጵያ ዴንጊ በወረርሽኝ መልክ ተረጋግጦ ሲታወቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2019) ደግሞ ቺኩንጉኒያ ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አዳረሰ። ስሙ በማኮንዴ ቋንቋ የሚያጎብጥ ማለት ነው፤ መገጣጠሚያው የታሰረበት ነጋዴ እውነትም ጎብጦ ወደ ገበያ ሲወጣ ታይቷል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ ተሞልቶ በሚቀመጥ በርሜልና ውኃ ባቆረ አሮጌ ጎማ ውስጥ የምትራባ ናት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በኅዳር በሽታና በቺኩንጉኒያ መካከል ያለው ልክ 100 ዓመት መሆኑ አጋጣሚ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ይሁንና ዓመቱን የሚያስታውስ ሰው ሳይገረም አይቀርም።

እነዚህ ሁለት ወረርሽኞች ለከተማዋ ባለሙያዎች ያስተማሩት ትምህርት መድማትን መፍራት ነበር። ዴንጊ አርጊ ሕዋሳትን ያሳንሳል፣ ከቧንቧዎች ፈሳሽ እንዲያፈስ ያደርጋል፣ ሲከፋም ደም ያስወጣል። ስለዚህ ትኩሳት ላለበት ሰው አስፕሪንም ሆነ ዳይክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ እንዳይሰጠው፣ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ እንዲበቃው ተነገረ፤ ትክክልም ነበር። የጤና ባለሙያውም፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛውም፣ ገበያተኛውም ይህንን ምክር ተላመደው።

የቺኩንጉኒያው ትኩሳት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ግን ከበፊተኞቹ በተቃራኒ ደምን የሚያረጋ በሽታ መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020) ተገለጸ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ድሬዳዋ እንደ ጥንቱ የጅቡቲ መንገድ በር ሆና ተገኘች፤ ከጅቡቲ የሚመለሱ ስደተኛ ዜጎች ተለይተው እንዲቆዩ የተደረጉት በእርሷ ነበር። የቀፊራ ነጋዴ ግን የዕለት ጉርሱ ከገበያው ስለሆነ ቤት ዋል ሲሉት የሚውልበት አቅም አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን ከሌላው ዓለም የሚመጣው የሕክምና ወሬ እንግዳ ነበር። በኒው ዮርክ አንድ የሆስፒታል ቡድን በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች የሆኑ 5 ሰዎች የአንጎላቸው ትልቁ ደም ቅዳ ተዘግቶ፣ ኮቪድም ተገኝቶባቸው ማየቱን ጻፈ። በጣሊያን ብሬሻ አውራጃ በጽኑ የእግርና የእጅ ደም ቅዳ መዘጋት የሚመጡ ታማሚዎች ድርሻ ከዓመት በፊት ከነበረበት 1.8 በመቶ ወደ 16.3 በመቶ አሻቀበ። ከእነዚህም መካከል ኮቪድ የተገኘባቸው 20 ሰዎች ታሪክ ሲመረመር፣ ቧንቧቸውን ለማስከፈት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 17 ሰዎች የተሳካላቸው 12 ብቻ ሆኑ፤ ከ20ዎቹ ደግሞ 8ቱ ሞቱ። ለቀዶ ሐኪም ይህ ቁጥር አስደንጋጭ ነው፤ ምክንያቱም ቶማስ ፎጋርቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ፊኛ ያላት ቀጭን ቱቦ ካስተዋወቀ ወዲህ ጓል ማውጣት ከሞላ ጎደል የተለመደ ሥራ ሆኖ ነበር። አሁን ግን ጓሉ ወጥቶ ሳያልቅ ደሙ እንደገና ይረጋ ጀመር።

በሆላንድ ሦስት ሆስፒታሎች ጽኑ ሕክምና ክፍል የገቡ 184 የኮቪድ ታማሚዎች ሲጠኑ 31 በመቶው የደም መርጋት ችግር ገጥሟቸው ነበር፤ አብዛኛው በደም መልስና በሳንባ ሲሆን በደም ቅዳ የታየው 3.7 በመቶ ነው። ይህ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። የደም ቅዳ መዘጋት ከሁሉ የሚበዛው ችግር አይደለም፤ ነገር ግን ሲመጣ የሚሰጠው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር በመሆኑ ከቁጥሩ በላይ ይከብዳል። ከ86 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ያካተተው የስዊድን ጥናት (እ.ኤ.አ. 2021) በበኩሉ ኮቪድ በያዘ የመጀመሪያ ሳምንት የልብ ደም ቅዳ መዘጋትም ሆነ ስትሮክ የመድረሱ ዕድል 3 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አረጋገጠ። በ1911 ዓ.ም. “በኅዳር በሽታ ሞተ” ተብሎ የታለፈው ሞት ከፊሉ ምን እንደነበር ለመገመት አሁን የተሻለ መሠረት ተገኘ።

ሕክምናው ግን በአንድ ጊዜ አልጠራም። ደም ከረጋ የሚያቀጥነውን መድኃኒት በገፍ መስጠት ነው የሚል ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየአገሩ ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ ሰፊ ሙከራዎች ነገሩን ለዩት። ሆስፒታል ገብተው ጽኑ ሕክምና ያላስፈለጋቸውን ታማሚዎች በሙሉ መጠን የተሰጠ ሄፓሪን ጠቀማቸው፤ ጽኑ ሕክምና ክፍል የገቡትን ግን አልጠቀማቸውም። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ሙከራም አስፕሪን ሞትን እንደማይቀንስ አሳየ። መድኃኒት ጊዜ እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ እሳቱ ሳይያያዝ የሚያጠፋው ውኃ ቤቱ ከነደደ በኋላ አያድነውም። ብግነቱን ራሱን የሚያበርደው ርካሹ ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን ታማሚዎች ሞት መቀነሱ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ነበር።

ስለ ክትባቱም አንድ ቃል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የኮቪድ ክትባት መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአስትራዜኔካ ነው። በዚያው ሰሞን ክትባቱ ደም ያረጋል የሚለው ወሬ ከአውሮፓ ተነሥቶ በየገበያው ተሰራጨ። ወሬው ፍጹም ውሸት አልነበረም፤ እጅግ በጥቂት ሰዎች ላይ አርጊ ሕዋስን እያሳነሰ ደም የሚያረጋ አደገኛ ሁኔታ መከሰቱ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ ከ29 ሚሊዮን በላይ የተከተቡ ሰዎችን የተመለከተው ጥናት በበሽታው በራሱ የመያዝ የደም መርጋት አደጋ ከክትባቱ እጅግ የሚልቅና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መሆኑን አሳይቷል። ለገበያተኛው የተነገረው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር።

ዛሬ በቀፊራ አንድ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲታይ ሐኪሙ ሁለት ተቃራኒ ሥጋቶች ይዞ ይቀርባል። ትኩሳቱ ዴንጊ ከሆነ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሊገድለው ይችላል፤ ኮቪድ ወይም ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን መከልከሉ ሊጎዳው ይችላል። የአርጊ ሕዋስ ቆጠራና ቫይረሱን የሚለይ ምርመራ በዚህች ከተማ ቅንጦት ያልሆኑት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የአካባቢው ልማድ ይጨመራል፦ ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከየመን የወጣ የንጽጽር ጥናትም በቃሚዎች ላይ የልብ ደም ቅዳ መዘጋት እንደሚበዛ አሳይቷል። ከትኩሳት ሳያገግም፣ በቆላው ሙቀት ፈሳሹ ተሟጦ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የሚቀመጥ ሰው ቫይረሱ ብቻውን ከሚያደርስበት የከፋ ጫና በደም ቅዳው ላይ ይከምራል።

ከሁሉ የሚብሰው የጊዜ ጉዳይ ነው። የእግሩ ደም ቅዳ በድንገት የተዘጋበት ሰው ጡንቻው ሳይሞት የሚቆየው በተለምዶ 6 ሰዓት ያህል ነው። ከትኩሳት የተነሣ ሰው ግን እግሩ በድንገት ሲቀዘቅዝና ሲያንዘፈዝፈው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ብርድን ወይም ቁርጥማትን ነው። ቅባት ይቀባል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ እግሩ በትኩስ ውኃ ይታሻል ወይም በፍም ይሞቃል። ደም ያልደረሰው ቆዳ ሙቀቱን ማብረድ ስለማይችል ይቃጠላል፤ ስሜቱም ስለደነዘዘ ሰውየው መቃጠሉን አያውቅም። ሰዓቱ ግን ይሮጣል። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ታሞ ያደረን ሰው በማግሥቱ በዚህ መንገድ መላክ እግሩን ከመሸኘት አይለይም።

ስለሆነም ሥራው የሚጀመረው በመጀመሪያው መርማሪ እጅ፣ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ወይም በድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ሕመም፣ መገርጣት፣ መቀዝቀዝ፣ መደንዘዝ፣ ኋላም አለመንቀሳቀስ በአንድ እግር ላይ በድንገት ሲታዩ፣ ባለፉት ሳምንታት ትኩሳት ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ሁለቱን እግሮች ማወዳደር፣ የደም መፍሰስ ሥጋት ከሌለበትም ሄፓሪን ጀምሮ ያለ መዘግየት ለቀዶ ሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለመነሻው የሚያስፈልገው መሣሪያ የለም። ሁለት ጣት በእግሩ ጀርባ ላይ፣ ሁለት ጣት ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ፣ ከዚያም ከጉልበቱ በስተኋላና በብሽሽቱ፤ ምቱ የጠፋው የት ላይ እንደሆነ ጓሉ የተወሸቀበትን ሥፍራ ይነግራል።